እንከን የማይወጣለት ኮምፒውተር

ባሏ ቁም ሳጥን ውስጥ ገብቶ መዝፈን ከጀመረ አራት ወር ሞላው። ቀልድ አይደለም፤ ቁም ሳጥን ውስጥ። የመኝታ ቤቱን ቁም ሳጥን ሁለቱንም በር ይከፍትና፣ የሚስቱ ደንበኞች እንዲጠብላቸው ወይም እጅጌው እንዲያጥርላቸው ያመጡትን ካፖርት ግራና ቀኝ ገፋ አድርጎ መሀሉ ላይ በርጩማ ያስቀምጣል። ማይኩን በልብስ መቆንጠጫ ከማንጠልጠያው ብረት ጋር ያስርና፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ፣ ጉልበቱን ቦታ እንደጠበበው ተሳፋሪ ሰብስቦ ይቀመጣል። ካፖርት ድምፅ ይመጥጣል፣ ክፍሉም እንዳያስተጋባ ያደርጋል ብሎ የነገረው ሰው አለ። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ይህን መጀመሪያ ያየች ቀን ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። ሠላሳ ዓመት የከተማ አውቶቡስ የነዳ፣ ከመርጋቱ የተነሳ ተሳፋሪው ሁሉ «ቀስበቀስ» ይለው የነበረ፣ ፀጉሩ የሸበተ ሰውዬ፣ የሰው ኮት መሀል ተወትፎ ዓይኑን ጨፍኖ ያንጎራጉራል። ወደ ሥራ ክፍሏ ተመለሰችና የስፌት መኪናዋን ፔዳል እስኪጮህ ረገጠችው።

መኝታ ቤቱንና የሥራ ክፍሏን የሚለያቸው ስስ የችፑድ ግድግዳ ነው። በዚያ ማዶ እሱ ይቀዳል፣ በዚህ ማዶ እሷ ትሰፋለች፤ የመኪናዋ ድምፅ ደግሞ ቀጥ ብሎ ማይኩ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ተስማሙ። ሊቀዳ ሲል ችፑዱን ሁለቴ ያንኳኳል፣ እሷ መኪናዋን ታቆማለች፤ ሲጨርስ አንዴ ያንኳኳል፣ እሷ ትቀጥላለች። በቀን ግማሽ ሰዓት ብትለግሰው ሰማይ አይወድቅም። ነገር ግን ሥራ ፈትቶ መቀመጥ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም፤ ያችን ግማሽ ሰዓት ለታላቅ እህቷ ስልክ መደወያ አደረገቻት። በዚህ ሁኔታ ሦስት ወር ያህል በሰላም ኖሩ። ሰላሙን ያደፈረሰው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ኮምፒውተሩ ነው፤ ልጃቸው ሲያገባ ጥሎላቸው የሄደው አሮጌ ሣጥን፣ ገና ሲከፈት እንደ ታመመ ሰው ማጉረምረም ይጀምራል፣ ጉርምርምታውም ከዘፈኑ ሥር ገብቶ ይቀዳል። ሌላው የጎረቤት ሳቅ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት የቆሻሻ ባልዲ ይዛ ደረጃ ስትወርድ፣ ከታች የሕንፃው ሴቶች አንድ ስልክ ላይ ተደፍተው ሲስቁ ደረሰች። ሳቁ እንዲያው ሳቅ አይደለም፤ አንዷ የሌላዋን ትከሻ ይዛ፣ ሦስተኛዋ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ፣ እንባቸውን እየጠረጉ ነው። ከስልኩ የሚወጣው፣ ቀድቶ የላከላቸው የባሏ ድምፅ ነበር። ምን እንደሚል ለመስማት አንድ ደረጃ እንኳ አልወረደችም። ባልዲውን እንደሞላ ይዛ ወደ ላይ ተመለሰች። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ቤት ልብስ ልታደርስ ስትሄድ እንኳ «ደህና ነሽ?» የሚላት ሁሉ የሳቀባት ይመስላታል። ባሏ ሳይነካ ያስቀመጠውን የጡረታ መሸኛ ገንዘብ ጠቅሶ፣ «ለመቅጃ የሚሆን አንድ ደህና ኮምፒውተር ልገዛበት ነው» ሲላት ደግሞ ነገሩ አለቀ። እንግዲህ ይህ ሰው ሊተው አይደለም፣ ሊብስበት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሲወለውል፣ «ነይ እንጂ አብረሽኝ» አላት። «ብቻዬን ብሄድ የሚያብረቀርቅ ነገር አሸክመው ነው የሚልኩኝ። ያንቺ ጆሮ ያስፈልገኛል።»

«ለጆሮ ከሆነማ እሺ» አለችና ሳቋን ለመደበቅ ሻርፗን የምትፈልግ መስላ ዞረች። ሐሳቧን አስቀድማ ጨርሳለች። አትከለክለውም፤ ከከለከለችው እንደሚገዛ ታውቃለች። አብራው ትሄዳለች፣ በየሱቁ ትገባለች፣ ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር እንከን ታወጣለታለች፤ እግሩም ልቡም ሲዝል ራሱ «በቃ ሌላ ጊዜ» ይላል። ሌላ ጊዜ የሚባለው ደግሞ አይመጣም። ይህን ከእህቷ በቀር ለማንም አልነገረችም። እህቷም ስቃ፣ «አንቺ ሰይጣን ነሽ» ብላታለች።

እንከን ማውጣት ደግሞ ለእሷ ሥራ አይደለም። አራተኛ ክፍል ሳትጨርስ ከትምህርት ቤት የወጣች ሴት ናት፤ የኮምፒውተሩን ስም አታነብም። ነገር ግን በሕይወቷ አምስት የስፌት መኪና ገዝታለች፣ አንዱም አላሳፈራትም። ሻጭ የሚለውን አትሰማም። መኪናው እንዲዞር ታደርግና መዳፏን ጎኑ ላይ አሳርፋ ዓይኗን ትጨፍናለች። የላላ ነገር ካለ መዳፏ ይነግራታል፣ የደረቀ ነገር ካለ ጆሮዋ ይነግራታል። የሰፈሩ ልብስ ሰፊዎች አሮጌ መኪና ሊገዙ ሲሉ እሷን ነው የሚወስዱት።

የመጀመሪያው ሱቅ ከመንገዱ ማዶ የሚታይ፣ መስታወቱ ሁሉ የሚያበራ ነበር። ሻጩ ገና ሲገቡ እጁን ዘርግቶ እየሳቀ ተቀበላቸው። ባሏ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለድምፅ መቅጃ ነው፣ ቤት ውስጥ፣ ዘፈን» ሲል እሷ ሽቦ የተሰቀለበት ግድግዳ ጋ ሄዳ ሽቦ ታያለች፤ እንዳላወቀችው ሆና። ሻጩ ጎኑ መስታወት የሆነ፣ ውስጡ ቀይና ሰማያዊ የሚያበራ ሣጥን አስነሳ። «ፋዘር፣ ይሄ አውሬ ነው! ማዘር፣ ይምጡ ይዩት፣ አውሬ ነው እኮ!»

«አውሬ ከሆነ ምን ብዬ ቤቴ አስገባዋለሁ» አለችና መጥታ መዳፏን አሳረፈችበት። ሣጥኑ ውስጥ አምስት ማራገቢያ ያፏጫል። ጆሮዋን እንኳ ማስጠጋት አላስፈለጋትም። «ይሄ እህል የሚፈጭ ነው፤ ዘፈን ምን ሊሰማበት?» ዋጋው አርባ ስምንት ሺ ነው ሲላት ደግሞ፣ በዚህ ዋጋ ሦስት የስፌት መኪና ገዝታ ሰው ቀጥራ እንደምታሠራበት ነገረችው። ሻጩ ሳቀ፣ ባሏም ሳቀ። «እውነቷን ነው» አለና ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። አንድ ሱቅ አለቀ። እንዲህ ቀላል ነው እንዴ ብላ ለራሷ ገረማት።

ሁለተኛው ሱቅ ሱቅ አይባልም፤ አሮጌ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ፣ በጠባብ ደረጃ የሚወረድበት የጥገና ክፍል ነው። ግድግዳው እስከ ጣሪያው መደርደሪያ፣ መደርደሪያው ሁሉ የተፈታ ዕቃ። ጠረጴዛው ላይ ግን አንድ ነገር አልተዝረከረከም፤ ካቻቢቴው በቁመቱ ተደርድሮ፣ ብሎኑ በየቆርቆሮው ተለይቶ ተቀምጧል። ልብስ ሰፊዋ ይህን ስታይ ሳትፈልግ ሰውየውን ወደደችው። ደንበኞቹ «ሐኪሙ» የሚሉት፣ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሽማግሌ ነው። ባሏ የሚፈልገውን ሲነግረው ብዙ አላወራም። ከጠረጴዛው ሥር ጥቁር ሣጥን አወጣና፣ «ይሄን ራሴ ነኝ የገጣጠምኩት» አለ። «ዲስኩ የማይሽከረከር ነው። ማራገቢያው አንድ ነው፣ ትልቅ፣ ቀስ ብሎ የሚዞር። ሚሞሪው ለቀረጻ ይበቃል፣ ይተርፋልም። ከሥሩ ጎማ አድርጌለታለሁ፣ ወለሉን እንዳያንቀጠቅጥ። ሃያ ስድስት ሺ ነው።» ከዚያ ቁልፉን ተጫነና እጁን አጣጥፎ ዝም አለ።

መብራቷ ባትበራ ኮምፒውተሩ መነሳቱ አይታወቅም ነበር። ልብስ ሰፊዋ መዳፏን አሳረፈች፣ ዓይኗን ጨፈነች። ምንም የለም። ጎኑን ነካች፣ ከላይ ነካች፣ ተንበርክካ ጆሮዋን ለጠፈችበት። ከውስጥ የሚሰማት የራሷ የደም ምት ብቻ ነው። በሕይወቷ እንዲህ ዝም ያለ ማሽን ነክታ አታውቅም፤ ቢሆንላት ለራሷ በወሰደችው። ቀና ስትል ሁለቱም ሰዎች አፏን ይጠብቃሉ። ባሏ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዟል። እዚህ ላይ እውነቱን ከተናገረች ነገ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ይህ ሣጥን ይገባል፣ ዘፈኑ ይቀጥላል፣ የደረጃው ሥር ሳቅም ይቀጥላል።

«ይንቀጠቀጣል» አለች።

ሐኪሙ ግንባሩን ቋጠረ። «የቱ ጋ?»

«ከውስጥ። ቀጭን ነው፣ ግን አለ። ከመጀመሪያው ከተንቀጠቀጠ እያደር ይብሳል።»

ሽማግሌው መነጽሩን አድርጎ ተጎነበሰ፣ እጁን እሷ ባሳረፈችበት ቦታ አሳረፈ፣ ጆሮውን አስጠጋ። ለረጅም ጊዜ እንዲህ ሆኖ ቆየ። ቀና ሲል ፊቱ ላይ የነበረው ኩራት የለም። «እኔ አይሰማኝም» አለ ቀስ ብሎ። «እንግዲህ ጆሮዬም ደክሞ ይሆናል። አይታወቅም።» ባሏ ሚስቱን አየት አደረጋት። «እናመሰግናለን አባቴ» ብሎ ደረጃውን ወጣ። ልብስ ሰፊዋ ከኋላው ስትከተል የሽማግሌው ፊት ከዓይኗ አልጠፋም። በልማዷ ቶሎ መልስ አገኘችለት፦ የሽማግሌውን ሌላ ሰው ይገዛዋል፣ ምን ጎደለበት?

ሦስተኛው ሱቅ የሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ፣ ምንጣፉ የጫማ ድምፅ የማያሰማ፣ ላፕቶፕ ብቻ የሚሸጥበት ክፍል ነው። ሻጯ ልጇ የምትሆን ሴት ናት፤ ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸው፣ ውሃ ሰጠቻቸው። ባሏ ስለ ጉርምርምታው ሲነግራት ከልቧ አዳመጠችው። «አባቴ፣ ድምፁ ከኮምፒውተሩ ይሁን ከማይኩ ብሰማው ነው የማውቀው። የቀዱት ነገር ይዘዋል?» አለችው። ባሏ ከደረት ኪሱ ፍላሽ አወጣ። «የመጀመሪያዋን ብቻ ክፈቺያት። ምንም ሳልዘፍን ባዶውን የቀዳሁት ነው፣ እሷ ላይ ጥሩ ይሰማል» አላት። ሻጯ ፍላሹን ሰክታ ጠረጴዛው ላይ ባለው ድምፅ ማጉያ ከፈተችው። ያ የታመመ ጉርምርምታ ክፍሉን ሞላው። «አዎ፣ ከኮምፒውተሩ ነው» አለችና፣ ስለ ማራገቢያ፣ ስለ ሚሞሪ፣ ማይኩ ስለሚሰካባት ትንሽ ሣጥን ታስረዳው ጀመር። ልብስ ሰፊዋ ከላፕቶፑ ላይ መዳፏን አሳርፋ፣ ለዚህ ደግሞ ምን እንደምታወጣለት ታስባለች። ይሞቃል ልትል ነው። በዚህ መሀል ባዶው ቅጂ አለቀና፣ ማሽኑ በራሱ ጊዜ ወደሚቀጥለው አለፈ። ማንም ልብ አላለውም።

ከድምፅ ማጉያው ውስጥ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ባሏ አንድ ስንኝ ጀመረ። ከዚያ የሴት ድምፅ ገባ። ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ ማን እንደሆነች አላወቀቻትም፤ ይቺ ደግሞ ማን ናት እንዲህ የምትጮኸው ብላ አሰበች።

«ኧረ ተዪኝ እትዬ፣ ጎረቤት እየሳቀበት! ያ ሁሉ ዘመን መሪ ይዞ የተከበረ ሰውዬ ዛሬ ኮት መሀል ተወትፎ ያላዝናል። እኔ ነኝ እንጂ የማፍረው፣ እሱማ ምን ያውቃል። ቅዳሜ ደግሞ ኮምፒውተር ልገዛ ነው ብሎኛል። እሺ ብዬዋለሁ! አብሬው እሄድና በየሱቁ እንከን ሳወጣ እውልና እግሩ ሲዝል ባዶ እጁን አስገባዋለሁ። ለዚህ ድምፅ ነው ደግሞ ኮምፒውተር…» ቀጥሎ ሳቅ። የእሷ ሳቅ፣ ከሆድ የወጣ፣ ጤነኛ ሳቅ።

ሻጯ ለመዝጋት ተጣደፈች፤ እጇ ግን የሚጫነውን አጣ። ለዚህ ነው ልብስ ሰፊዋ ከዚያ ቀጥሎ የመጣውንም የሰማችው። በቅጂው ውስጥ ዘፈኑ ተቋረጠ። አንድ ትንፋሽ ያህል ዝም አለ፤ ያ አሮጌ ኮምፒውተር ብቻ አጉረመረመ። ከዚያ ባሏ ካቆመበት ቃል ላይ መልሶ ጀመረ፣ በዚያው ድምፅ፣ አንድም ሳያጎድል። ያኔ ሻጯ ዘጋችው።

ዕድሜ ልኩን መኪና አጠገብ የኖረ ልብስ ሰፊ፣ መኪናው ላይ እየጮኸ ማውራት ስለሚለምድ መኪናው ሲቆም እሱ አይቆምም። ቀስ ብላ የምታወራ ሲመስላት ኖሯል። ጸጥ በይልኝ ባላት ሰዓት፣ ማይኩ ጆሮውን ከፍቶ በተቀመጠባት በዚያችው ግማሽ ሰዓት፣ ችፑዱን ተደግፋ ባሏን ስታማ ከርማለች፤ እሱም ማዳመጫ ጆሮው ላይ ደፍቶ፣ ከማንም አጥርቶ ሰምቷታል። ይህን ያወራችው ረቡዕ ነበር። ረቡዕ ከመኝታ ቤት ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ቀረበ፣ «ዛሬስ ምሳው እጅ ያስቆረጥማል» አላት። ዓይኗ ደክሟል ብሎ ለማታው ሥራ ሦስት መርፌ ክር አስገብቶ ጨርቁ ላይ ሰካላት። ረቡዕ ብቻ ነው እንዴ? ከዚያ በፊትስ ስንት ቀን፣ ስለ ስንቱ ነገር? ሻጯ የጠረጴዛውን ጠርዝ ታያለች። ሰው ለሌላ ሰው ብሎ ሲያፍር ያለው ዓይነት ዝምታ ነው፤ ቢስቁባት በቀለላት።

«የኔ ልጅ፣ አስቸገርንሽ» አለ ባሏ፣ ፍላሹን እየነቀለ።

አሳንሰሩን አልጠበቁም፤ ሦስቱን ፎቅ በደረጃ ወረዱ። እሱ ቀደም ብሎ፣ እሷ ሁለት ደረጃ ወደ ኋላ። ጀርባውን እያየች ነው የወረደችው። ኮቱን እሷ ናት የሰፋችለት፤ የግራ ትከሻው ትንሽ ወርዷል፣ ዛሬ ገና አየችው። አንድ ነገር እንዲላት ፈለገች። ይሳደብ፣ ይጩህ፣ ሕዝብ መሀል ያዋርዳት፤ መልስ መስጠት ታውቅበታለች። እሱ ግን ወረደ፣ መንገዱን ተሻገረ፣ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ቆመ።

«ታዲያ እያወቅህ ለምን አመጣኸኝ?» አለች በመጨረሻ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የተናገረችው፤ አሁን ስንት ቤት እንደሚሰማ ታውቃለች።

ዓይኑን ከመንገዱ አላነሳም። «እንከን አወጣለሁ ብለሽ የለ? እኔም እኮ የምፈልገው እንከን የሚያወጣልኝ ሰው ነበር። ከሻጭ አፍ አይገኝ። እሷ እንከን ያጣችለትን እገዛለሁ፣ ጆሮዋ ለክፉም ቢሆን አይዋሽም ብዬ ነው።» ፈገግ ሊል ሞከረ፣ አልሆነለትም። «ለሁሉም አገኘሽለት። ይሁን፣ ደክሞኛል። ቤታችን እንግባ።»

እንግዲህ ይኸው። ባዶ እጁን አስገባዋለሁ ያለችው ሰው ባዶ እጁን ሊገባ ነው። ምንም ማድረግ የለባትም፤ ዝም ማለት ብቻ ይበቃታል። አውቶቡሱ መጣ። ሾፌሩ የድሮ ባልደረባውን አውቆ በእጁ ሰላም አለው፤ ባሏ ተሳፈረ፣ ዞሮ እጁን ዘረጋላት። እሷ ከታች ቀረች። በዕድሜዋ የተናገረችውን ቃል መልሳ አታውቅም። ልጇን ያለ ጥፋቱ የገረፈችው ቀን እንኳ፣ እንደተሳሳተች እያወቀች፣ «ባያጠፋም ሌላ ጊዜ ያጠፋል» ብላ ነው ያለፈችው።

«ማዘር፣ ይገባሉ አይገቡም? ሰው እየጠበቀ ነው!» አለ ሾፌሩ።

«የሽማግሌው አይንቀጠቀጥም» አለች።

«ምን አልሽ?» አለ ባሏ ከደረጃው ላይ።

«የሐኪሙ ኮምፒውተር። አይንቀጠቀጥም። ምንም የለበትም። ዋሽቼ ነው።» አውቶቡሱ ሙሉ ሰው ወደ እሷ ዞሯል። ባሏ አያት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ዛሬ የከፋው መሰለ፣ ዓይኑ ተለወጠ። በእሱ ላይ ማላገጧን ችሎ ነበር፤ ጆሮዋን ማዋሸቷን ግን አልጠበቀም። ቀስ ብሎ ወረደ። በሩ ተዘጋ፣ አውቶቡሱ ሄደ።

የምድር ቤቱን ደረጃ ሲወርዱ እሷ ቀደመች። እሱ እንዲያወራላት አልጠበቀችም፣ እሱም የሚያወራ አይመስልም። በሩን ስትገፋ መጀመሪያ ያየችው ጠረጴዛውን ነው። ያ ጥቁር ሣጥን ተፈትቷል። ክዳኑ ወንበር ላይ፣ ማራገቢያው ጨርቅ ላይ፣ ብሎኑ በየቆርቆሮው ተለይቶ። ሐኪሙ ክፍት ሣጥኑ ላይ ተደፍቶ፣ በአንድ እጁ ባትሪ ይዞ፣ የሌለ መንቀጥቀጥ ይፈልጋል። ወንበር ላይ አንዲት ሴትና አንድ ሰውዬ ተራ ይጠብቃሉ፤ ሰውየው «ጋሼ፣ የኔን ቢያስቀድሙልኝ» ሲል ይሰማል።

«አህ፣ መጣሽ እህቴ» አለ ሐኪሙ፣ ደስ ብሎት። «እስኪ ነይ አሳዪኝ የቱ ጋ እንደሆነ። ማራገቢያው ነው ብዬ ፈታሁት፣ አይደለም። ኃይል መስጫው ነው ብዬ ፈታሁት፣ አይደለም። እኔ እኮ አልሰማውም፤ ለልጄም ደውዬ ጆሮዬን ሐኪም ጋ ውሰጂኝ አልኳት።»

ከዚህ በላይ አልቻለችም። «የትም ጋ አይደለም ጋሼ። የርስዎ ጆሮ ደህና ነው። እኔ ነኝ የዋሸሁት።»

ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀ። ተራ ጠባቂዎቹ ቀና አሉ። «ምን አደረግሁሽ?» አለ። የጠየቀው ተቆጥቶ አይደለም፤ የምሩን ሊያውቅ ፈልጎ ነው፣ ያ ባሰባት።

«እርስዎ ምንም አላደረጉኝም። ባሌ ይዘፍናል። ሰው ሲስቅበት ሰማሁ፣ አፈርኩበት። እንዳይገዛ ብዬ ነው።» ተናግራ ስትጨርስ ምድር ቤቱ ጠበባት። ባሏ እንደ ሌላ ጊዜው መጥቶ «እሷ እንኳን…» ብሎ አልሸፈነላትም። መደርደሪያው ጋ ቆሞ የተፈታ ዕቃ ያያል፤ ጠዋት እሷ ሽቦ እንዳየችው።

ሽማግሌው አንድ ወንበር ገፋላት። «መዳፍሽን ዘርጊ» አለና ብሎኖቹን እፍኟ ላይ ገለበጠላት። «እኔ ስጠይቅሽ ትሰጪኛለሽ። አጭሩን ስል አጭሩን፣ ረጅሙን ስል ረጅሙን።» አንድ ሰዓት ሙሉ ብሎን አቀበለች። አልተሳሳተችም፤ ቁልፍና መርፌ የለመደ እጅ ነው። ተራ ጠባቂው ሰውዬ «እንግዲህ ዋሽተው አስፈተው፣ አሁን ደግሞ ረዳት ሆኑ» ብሎ ሲያጉተመትም መልስ አልሰጠችውም። እሷ መልስ አለመስጠቷን ያየ ባሏ ብቻ ነው፤ ተገርሞ ዞር ብሎ አያት።

ተገጥሞ አለቀ። ሐኪሙ አስነሳውና ሁሉም ዝም ብለው አዳመጡ፤ የሚሰማ ነገር የለም። «በዘፈኑ እንሞክረው እንግዲህ» አለ ሽማግሌው። «ምን ዓይነት ዘፈን ነው የሚዘፍነው?» ጥያቄውን የጠየቀው እሷን ነበር። አፏን ከፈተች። አራት ወር በችፑድ ማዶ ኖራ አንድ ዘፈን ጨርሳ አልሰማችም፤ ስልኳን ስታወራ ወይ መኪናዋን ስትረግጥ።

«አላውቅም» አለች።

ባሏ ፍላሹን ለሐኪሙ ሰጠው። «የሐሙሱን» አለ፣ ሌላ ምንም አልጨመረም። ሐኪሙ ማዳመጫውን አንስቶ እሷ ጆሮ ላይ ደፋው።

መጀመሪያ የባሏን ትንፋሽ ሰማች፣ ቅርብ፣ አጠገቧ እንደተኛ። ከዚያ ድምፁ መጣ፤ አያላዝንም። እንደ ሾፌር ነው የሚዘፍነው፣ እየተጫወተ፣ መንገድ እያየ፦

ወራጅ አለ አለችኝ፣ ፍሬኔን ያዝኩላት፤
ወሬዋን ሳትጨርስ፣ እስኪ ማን ያውርዳት።
በሩን ከፈትኩላት፣ ሰዉ ሁሉ ጠበቃት፤
ስልኳን እንደያዘች፣ መንገዱ አለቀባት።

ሳቅ አመለጣት። ልትይዘው አልቻለችም፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ እንባዋ መጣ፣ የሐኪሙን ጠረጴዛ ይዛ ሳቀች። የሚቀጥለው ስንኝ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነበር፤ ሴትየዋ መጨረሻው ማቆሚያ ደርሳ ሾፌሩን «ለምን አላወረድከኝም» ትለዋለች። ረቡዕ ያንን ሁሉ ሰምቶ፣ ሐሙስ ግድግዳውን ሁለቴ አንኳኩቶ ይህንን ቀዳ። ያ የደረጃው ሥር ሳቅ ምን ዓይነት ሳቅ እንደነበር አሁን ገባት፤ የሳቁት በዘፈኑ እንጂ በእሱ አልነበረም፤ አንዲት ደረጃ ብትወርድ ኖሮ ያኔውኑ ይገባት ነበር። ሳቋን ስትጨርስ ነው ከቀኑ ሁሉ የበለጠ ያፈረችው። ባሏ መደርደሪያውን ማየት ትቶ እሷን ያያል፤ ፊቷ ላይ የሚሆነውን አንድ በአንድ፣ ምን ትል ይሆን እያለ፣ ውጤት እንደሚጠብቅ ተማሪ። ያን ፊት ቀና ብላ ማየት አቃታት። ማዳመጫውን በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ያዘችና፣

«ከመጀመሪያው መልሰው» አለችው ባሏን፣ ዓይኗን ከጠረጴዛው ሳታነሳ፣ በዚያ ሦስተኛ ቤት በሚሰማው ድምፅዋ።